ብርጭቆ አይሟሽም

የእናቴ ታላቅ እህት የሚኖሩት ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ግድም ነው። ቤተ ዘመዱ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። አምና ልጃቸው ከአሜሪካ ስትመጣ ከላይም ከታችም የሰፋ፣ ወገቡ ላይ የእንጨት መያዣ የታሰረበት የብርጭቆ ቡና ማፍያ ከነወረቀት ማጥለያው ይዛላቸው መጣች። መጀመሪያ የአበባ ማስቀመጫ መስሏቸው ነበር። አሠራሩን ካዩ በኋላ ግን ወደዱት፤ ከሰል ማያያዝ ለሚታክታቸው ጠዋት የተፈጠረ ዕቃ ሆነላቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ስሄድ ቡናው ሌላ ቡና ሆኖ ጠበቀኝ። ከቶሞካ የገዛሁላቸው ያው የተፈጨ ቡና ነው፣ ውኃውም ያው የቧንቧ ውኃ ነው፤ ሽታው ግን የሰነበተ የኑግ ዘይት ይመስላል። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ በብርሃን ሳየው ውስጡ ሻይ የተቀባ መስሎ ወይቧል።

“በምንድን ነው የሚያጥቡት እትዬ?”

“ሳሙና አስነክቼው አላውቅም!” አሉኝ፣ ኮራ ብለው። “በውኃ ለቅለቅ አድርጌ ነው የማኖረው። ጀበና በሳሙና ይታጠባል እንዴ?”

አይታጠብም። ስለ ጀበናው ልክ ናቸው፤ ችግሩ የጀበናውን ሕግ ለብርጭቆው ማውረሳቸው ነው። ጀበና ሸክላ ነው፤ ሸክላ ደግሞ ለዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች አሉት። አዲስ ጀበና የሚሟሸው ለዚህ ነው። የቡና አተላ ይፈላበታል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይፈላበታል፤ ቀዳዳዎቹ እየተሞሉ ሲሄዱ ማንጠባጠቡም የአፈር ሽታውም ይቀራል። ሳሙና ከነካው ግን ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና ለሚቀጥለው አቦል ያወርሰዋል። ምጣድም ቢሆን በጎመን ዘር ሲሟሽ ዘይቱ በኃይለኛ ሙቀት እርስ በርሱ ተሳስሮ ደረቅና ጠንካራ ልባስ ይሆናል፤ ኬሚስቶች ይህን ፖሊመር መሆን ይሉታል። ኩሽናችን ከትውልድ ትውልድ ሲያስተምረን የኖረው እንግዲህ ዕቃ በቆየ ቁጥር እንደሚጣፍጥ ነው።

ብርጭቆ ይህ ጠባይ የለውም። ቀዳዳ ስለሌለው የሚጠጣው ነገር የለም፤ የነካው ሁሉ ላዩ ላይ ለአየር ተጋልጦ ይቀመጣል። የአረቢካ ፍሬ ከክብደቱ ወደ 15 በመቶ የሚጠጋው ቅባት ነው። አብዛኛውን ዝቃጩና ወረቀቱ ይይዙታል፤ የሚያልፈው ጥቂቱ ግን ብርጭቆውን በስሱ ይቀባዋል። ይህ ቅባት በብዛት የተሠራው ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ ከሚዋሐዱ አሲዶች ነው። ሲዋሐድ ይሰባበርና አልዲሃይድ የሚባሉ ተናኝ ውህዶች ይወጡታል፤ አፍንጫችን ደግሞ እነሱን ለመለየት ቅንጣት ትበቃዋለች። የሰነበተ ኑግ የሸተተኝ ይኸው ነው። ማፍያው የምጣድን ያህል ስለማይግል ቅባቱ ወደ ደረቅ ልባስነት አይደርስም፤ መንገድ ላይ ቀርቶ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ይሆናል። ቡናማው ቀለም የሌላ ነገር ሥራ ነው፤ ሜላኖይዲን ይባላል፣ ቡና ሲቆላ የሚወለድ፣ የድፎ ዳቦንም ቅርፊት የሚያቀላ ቤተሰብ ነው። ብርጭቆው ሳይታጠብ ከደረቀ ከቅባቱ ጋር ተጋግሮ ይቀራል።

ወረቀቱ ከቅባቱ ጋር ካፌስቶል የሚባለውንም ውህድ ይይዛል። ካፌስቶል ሳይጣራ በተፈላ ቡና ውስጥ ያልፋል፣ በደም ውስጥ ያለውን መጥፎውን ኮሌስትሮልም ከፍ ያደርጋል። ይህን ለእትዬ አልነገርኳቸውም። በጀበናቸው ላይ ክስ የመሠረትኩ ያህል ይቆጥሩት ነበር።

ቅባት ከውኃ ጋር አይስማማም፤ አስታራቂ ይፈልጋል። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውኃ፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል፤ ስለዚህ ቅባቱን ከብቦ ከውኃው ጋር ይዞት ይሄዳል። እናቶቻችን ይህን ያለ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ያውቁታል። የጠላ ጋን በግራዋ ሲታሽና ሲለቀለቅ፣ ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ፣ ሥራውን የሚሠራው ሳፖኒን የተባለው የተክሎች ሳሙና ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ መግደያ ያገኙት በዚሁ አረፋ ምክንያት ነው። (እንዶድ መርዛማ ስለሆነ ለቡና ዕቃ አይሆንም፤ ለብርጭቆው ተራው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃዋል።)

የብርጭቆ ማፍያውን እ.ኤ.አ. በ1941 የፈለሰፈው ፔተር ሽሉምቦም ራሱ ኬሚስት ነበር። ጀርመናዊው ሽሉምቦም ኒውዮርክ ላይ የላቦራቶሪ ጠርሙስና ማጥለያ ቀፎ አንድ ላይ አጋባና ኬሜክስ አለው። ዛሬ በኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጧል። ሙዚየም ያስገባው ያ ቀጭን ወገቡ ግን አጣቢን ያስመርራል፤ እጅ አያሳልፍም። መፍትሔው በየሱቁ አለ፦ ረጅም የጡጦ ብሩሽ። ቡናው እንዳለቀ፣ ቅባቱ ገና ሳይረጋ፣ ለብ ባለ ውኃና በአንድ ጠብታ ሳሙና አሸት ማድረግ ከሳምንት በኋላ ከሚደረግ ትግል ያድናል። አስቀድሞ ግን የቆዳውን ማሰሪያ ፈትቶ የእንጨቱን መያዣ ማውለቅ ነው። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ በመያዣውና በብርጭቆው መካከል የቀረው እርጥበትም ሻጋታ ያበቅላል።

እንደ እትዬ ዕቃ ለወየበው ብሩሽ ብቻ አይበቃም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሬበት በሙቅ ውኃ ሞልቼ አሳደርኩት። ሶዳው ለስላሳ አልካላይን ስለሆነ ያረጀውን ቅባት ያላላዋል፤ አመድ ለድስት የሚያደርገውን በጨዋነት ያደርጋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ኃይል እጨምራለሁ ብሎ አቼቶ ይደርብበታል። ይንፈቀፈቃል፣ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ግን አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ተገዳድለው የሚተርፈው ጨው ያለበት ውኃ ነው። አቼቶ ለብቻው የሚያገለግልበት ሌላ ቦታ አለው፤ እደርስበታለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ በረኪና ከአቼቶም፣ ከሎሚም፣ ከማንኛውም አሲድ ጋር አይቀላቀል። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የገደሉበት ነው፤ መስኮት በሌላት ጠባብ ማድቤት ውስጥ ደግሞ ማምለጫ የለውም። ለቡና ዕቃ ጭራሽ በረኪና አያስፈልግም።

“ሳሙናው ቢሸትበትስ?” ብለው ጠየቁኝ እትዬ፤ በብዙ ውኃ እንዳያለቀልቁት ደግሞ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መልሱ የሚገኘው በሒሳብ ነው። ከታጠበ በኋላ ዕቃው ላይ 10 ሚሊ ሊትር የሳሙና ውኃ ተጣብቆ ቀረ እንበል። ባለን 570 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ በአንድ ጊዜ ብናለቀልቀው ሳሙናው ወደ 58ኛ እጅ ይቀንሳል። ያንኑ ውኃ ሦስት ቦታ ከፍለን፣ 190፣ 190፣ 190 አድርገን፣ እያንዳንዱን በደንብ እየደፋን ብናለቀልቅስ? በየዙሩ ወደ 20ኛ እጅ ስለሚወርድ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው 8,000ኛ እጁ ነው። ውኃው አልጨመረም፣ ዙሩ እንጂ። “አቦል፣ ቶና፣ በረካ በለኛ!” አሉና ሳቁ።

አቼቶው የሚያስፈልገው ብርጭቆው ላይ ለሚቀረው ነጭ ጉም ነው። የአዲስ አበባ ውኃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦችም፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ይመጣል፤ ከምድር ውስጥ የሚወጣ ውኃ ደግሞ በድንጋይ መሐል ሲያልፍ ካልሲየም ይሸከማል። ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበርና ካልሲየሙ ኖራ ሆኖ ይጋገራል። ብርጭቆው ላይ ጥቂት ነው፤ ማንቆርቆሪያው ታች ግን ቅርፊት ይሠራል። እኩል በእኩል የተበጠበጠ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ግማሽ ሰዓት ቢቆይበት ኖራው ይሟሟል። 

መሰበርን በተመለከተ፣ ዕቃው ከቦሮሲሊኬት ከተሠራ ሲሞቅ የሚሰፋው የተራውን ብርጭቆ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ኦቶ ሾት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የሠራው ይህ ብርጭቆ የፈላ ውኃ አያስደነግጠውም። የሚገድለው ሌላ ነው። ትኩሱን እርጥብ እብነ በረድ ላይ ማስቀመጥ፣ ባዶውን ከሰል ላይ መጣድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭረት። ብርጭቆ ሲጨቁኑት ይችላል፣ ሲወጥሩት ግን ከጭረቱ ጫፍ ይጀምርና ይሰነጠቃል። አሸዋና የብረት መፈግፈጊያ የማይነኩት ለዚህ ነው፤ ኳርትዝ ያለበት አሸዋ ከብርጭቆ ይጠነክራል። ብሩሽ ከጠፋ አንድ እፍኝ ሩዝ ወይም ጨው ከጥቂት ውኃ ጋር ጨምሮ ማሽከርከር ይቻላል፤ ሁለቱም ከብርጭቆው ይለሰልሳሉ።

የፈላ ውኃን ካነሳን ደግሞ፣ ለአራዳ ሰው ከፍታችን ያተረፈልን ነገር አለ። ብዙው የውጭ አገር መመሪያ ውኃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ይብረድ ይላል፤ ለዚህ ቡና የሚፈለገው ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ስለሆነ። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህ እየፈላ ይፈስሳል።

በማግስቱ ብርጭቆውን ደፍቼ፣ አሽቼ፣ ሦስት ዙር አለቅልቄ በአፉ ደፋሁት። ሲደርቅ መስኮቱ ማዶ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያ በውስጡ ጥርት ብሎ ታየ። እትዬ ዞር ዞር እያደረጉ አዩት፣ አሸተቱት፣ ምንም አይሸትም። እጄ ከገባ አይቀር ብዬ ረከቦቱ አጠገብ ያለውን ጀበና ላነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ።

“አንተ ልጅ፣ እሱን እንዳትነካብኝ! ስንት ዓመት ያሟሸሁት ነው።”

መልሼ አስቀመጥኩት። እሳቸውም ከሰል ማያያዝ ጀመሩ።