ዋናው በሣጥን፣ ቅጂው በግድግዳ

ቤትን በሥዕል ማስጌጥ የባለጸጎች ድርሻ ብቻ የሚመስለን ጊዜ አለ። የጃፓን የጥንት የእንጨት ሕትመት ሥዕሎች ታሪክ ግን የሚያስተምረን ሌላ ነው። ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ እነዚህ ሥዕሎች በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት ለተራው ነዋሪ ነበር።

እያንዳንዱ ሥዕል የብዙ ሠራተኞች የእጅ ውጤት ነው። ሠዓሊው ይነድፋል፤ ቀራጩ ንድፉን በቼሪ እንጨት ላይ ይፈለፍላል፤ አታሚው ለየቀለሙ የተዘጋጀውን እንጨት እየቀባ፣ ወረቀቱን ባረን በሚባል ክብ መዳመጫ እየዳመጠ ያትማል። ሆኩሳይ የተባለው ሠዓሊ የነደፈው «ታላቁ ማዕበል» እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ በዚሁ ዘዴ የታተመ ነው። ከቅጠሎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ጨረታ 2.76 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አሮጌ ሥዕል በስጦታም ሆነ በግዢ እጅዎ ቢገባ ምን ያደርጋሉ? ብዙዎቻችን በመስኮት ፊት ለፊት እንሰቅለው ይሆናል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ከቀለሞቹ አንዳንዶቹ ከዕፅዋት የተገኙ ናቸው፤ ቀዩ ለምሳሌ ለጾም ከምንወቅጠው ከሱፍ ተክል አበባ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለው ቀለም ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል፤ አንዴ ከደበዘዘም አይመለስም።

የተቀደደውን በስኮች አያጣብቁ፤ ወረቀቱን ያበላሸዋልና። ቆሻሻውን በውሃ ለማጠብ አይሞክሩ፤ ቀለሙ ሊፈስ ይችላል። በካርቶን ላይም በኮላ አይለጥፉት። የጥገና ባለሙያ ቀዳዳውን የሚደግፈው ከጀርባ በኩል በስስ የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች በተዘጋጀ ማጣበቂያ ነው። ይህ ማጣበቂያ ካስፈለገ በእርጥበት ተመልሶ ይነሣል። እርስዎ ግን ሥዕሉን አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል አጋድመው በደረቅና ጨለማ ሥፍራ ያስቀምጡት።

ታዲያ ግድግዳው ባዶ ይቅር? አይቅር። ሥዕሉን በጥራት አስነሥተው ቅጂውን በመስተዋት ይስቀሉ። ከዚህ የላቀ ቅጂ ለሚሹም አለ፤ በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1928 የተመሠረተው የአዳቺ ሕትመት ቤት የጥንቶቹን ሥዕሎች እንደገና በእጅ እያስቀረጸና እያሳተመ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ቅጂ የሚገዛ ሰው የቀራጩና የአታሚው ሙያ እንዳይጠፋ ያግዛል።

ቅጂ መስቀል አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ቅጂውን ዋና ነው ብሎ መሸጥ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነ የማሽን ሕትመት ነው።

ይህ ምክር ለጃፓን ሥዕል ብቻ አይደለም። የእናትና የአባትዎ የሠርግ ፎቶግራፍ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ በፀሐይ እየነጣ ከሆነ፣ ዛሬውኑ አውርደው ቅጂ ያስነሡለት፤ ዋናውን ለልጆችዎ ያቆዩ።