የጁሱ ምሬት ቢጠፋም ከመድኃኒት ጋር ያለው ጣጣ አይጠፋም!

ከሮቤ የደረሰኝ ጥያቄ ነው፦

«ዶክተር፣ ጠዋት የጨመቅኩት የብርቱካንና የግሬፕፍሩት ጁስ ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ ከሰዓት ይመራል። ምሬት የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ አሉኝ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ፣ ለእሷ ይሆናል?»

ጁስ ለምን ይመራል?

ግሬፕፍሩት ገና ሲጨመቅ የሚመረው ናሪንጂን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ብርቱካን ላይ ቆይቶ የሚመጣው ምሬት ግን ሊሞኒን ይባላል። ፍሬው ሙሉ ሳለ የለም፤ ከተጨመቀ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይፈጠራል። ሮቤና ጎባ ደጋ ስለሆኑ ብርቱካኑ ከቆላ ነው የሚመጣው፤ ሳይበስል የተቆረጠ ከሆነ ምሬቱ ይብሳል።

ኢንዛይሙስ?

አዎ፣ አለ። ናሪንጂኔዝ ይባላል፤ ከሻጋታ ይመረታል፣ የጁስ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። ናሪንጂንን ሰባብሮ ወደማይመር ነገር ይለውጠዋል። ሊሞኒንን ግን አይነካም። ስለዚህ ከሰዓት ለሚመጣው ምሬት መፍትሔ አይሆንም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው ⚠️

ግሬፕፍሩት ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉ። አንጀታችን ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብረውን ኢንዛይም ሥራ ያስቆማሉ። አንድ ኪኒን ተውጦ ብዙ ኪኒን የተዋጠ ያህል ደም ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ይህ የታወቀው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ ፌሎዲፒን በተባለ የግፊት መድኃኒት ላይ ነው።

ናሪንጂኔዝ ምሬቱን እንጂ እነዚህን አያጠፋም። ጣፋጭ ሆነ ማለት ለመድኃኒት ተጠቃሚ ደህና ሆነ ማለት አይደለም!

በተለይ የሚጠነቀቁ፦
• ኒፌዲፒን ወይም ፌሎዲፒን የሚወስዱ፦ ግፊት ከልክ በላይ ወርዶ ማዞርና መውደቅ ሊመጣ ይችላል
• ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን (የኮሌስትሮል) የሚወስዱ፦ ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል

አምሎዲፒን ላይ ያለው ተጽዕኖ አነስተኛ ነው። «ጠዋት ጁስ፣ ማታ ኪኒን» ማለትም አያዋጣም፤ ውጤቱ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል።

ምን ይደረግ?
✅ ለእናትዎ ግሬፕፍሩቱን ይተዉትና የተለመደውን ጣፋጭ ብርቱካን ብቻ ይስጧቸው፤ ፍሬውን ቢበሉት ደግሞ ይመረጣል
✅ የበሰለ ይምረጡ፤ ፍሬውንና ነጩን ልጣጭ ከጁሱ ጋር አይፍጩ
✅ ጨምቀው ወዲያው ይጠጡ
✅ ምሬት ለመሸፈን ስኳር አይጨምሩ፣ በተለይ ስኳር በሽታ ካለ
✅ የመድኃኒቱን ስም ይዘው ፋርማሲ ይጠይቁ፤ ኪኒኑን በራስዎ አያቋርጡ

ቤትዎ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ይህን ያጋሩት። ሰላም ሁኑ!