ያገለገለ በርሜል

ያገለገለ በርሜል ዘይት፣ ነዳጅ ወይም ኬሚካል ተይዞበት ከተራገፈ በኋላ ለሌላ አገልግሎት የሚሸጥ የብረት ወይም የፕላስቲክ መያዣ ነው። በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚገኘው ምን አለሽ ተራ በእንዲህ ያሉ ያገለገሉ ዕቃዎች ንግድ ይታወቃል።

ያገለገለ አውሮፕላን ሲሸጥ የጥገና መዝገቡ አብሮ ይተላለፋል። በርሜል ግን መዝገብ ስለሌለው ምርመራው በገዢው ዓይንና እጅ ይከናወናል። በቅድሚያ በላዩ የቀረው ጽሑፍና የአደጋ ምልክት ይነበባል፤ ቀጥሎ ዝገቱና የብየዳ መስመሩ ይታያል፤ በመጨረሻም ውሃ ተሞልቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱ ይፈተሻል።

ፀረ ተባይ የያዘ በርሜል ቢታጠብም ለመጠጥ ውሃም ሆነ ለእህል አይውልም። ቅሪቱ በተለይ በፕላስቲክ ውስጥ ሰርጎ ሊቆይ ስለሚችል፣ አለመሽተቱ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም። ቀድሞ የያዘው ነገር ያልታወቀ በርሜልም እንደዚሁ ይቆጠራል።