የድርጅት አርማ በኢሜይል ላይ ተረጋግጦ እንዲታይ ምን ያስፈልጋል?

ጎንደር፦ ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴም ሆነ እንግዶችን ወደ ፋሲል ግቢና ወደ ስሜን ተራሮች የሚወስድ አስጎብኚ ድርጅት ከባሕር ማዶ ደንበኛው ጋር ዋጋ የሚነጋገረው፣ ውል የሚለዋወጠውና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን የሚያሳውቀው በአብዛኛው በኢሜይል ነው። ደንበኛው የላኪውን ፊት አያይም። የሚያየው የላኪውን ስምና ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ክብ ምስል ብቻ ነው። በዚያች ክብ ውስጥ የድርጅቱ አርማ በማረጋገጫ ተደግፎ እንዲታይ የሚያስችል ዓለም አቀፍ አሠራር ተዘርግቷል። አሠራሩ ቢሚ ተብሎ ይጠራል።

ጉዳዩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የታወቀ ድርጅት መስለው ደብዳቤ የሚጽፉና «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፤ ክፍያውን ወደዚህኛው አስገቡ» የሚሉ አጭበርባሪዎች በየዓመቱ ከፍተኛ ገንዘብ ይዘርፋሉ። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነቱ የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር 2 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መጥፋቱ እንደተመለከተለት አስታውቋል። ለአንድ አነስተኛ ላኪ ድርጅት የአንድ ጭነት ዋጋ በሌላ ሰው ሒሳብ ገባ ማለት የዓመት ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ስም ብቻውን ለምን አይታመንም?

ዛሬም ድረስ ኢሜይል የሚመላለስበት መሠረታዊ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው። ሥርዓቱ ሲነደፍ ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጥቂት ተቋማት ስለነበሩ የላኪውን ማንነት የሚያጣራ ዘዴ አልተበጀለትም። በፖስታ በሚላክ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ማንም የፈለገውን የላኪ ስም መጻፍ እንደሚችል ሁሉ፣ በኢሜይልም የሌላውን ስም መለጠፍ ይቻል ነበር። ክፍተቱን ለመድፈን ሦስት መከላከያዎች በየጊዜው ተጨምረዋል።

የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ነው። በድርጅቱ ስም ደብዳቤ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች የሚዘረዘሩበት መዝገብ ነው። ሁለተኛው ዲኪም ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ ነው፤ ደብዳቤው በመንገድ ላይ አለመለወጡን ያሳያል። ሦስተኛው ዲማርክ ነው። ዲማርክ ሁለቱን አስተሳስሮ «በእኔ ስም መጥቶ ፈተናውን ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ የድርጅቱን ትእዛዝ ያሳውቃል። ትእዛዙ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ ዝም ብለህ ተከታተል፣ ወደ አይፈለጌ መልዕክት ማኅደር አግባ፣ ወይም ፈጽሞ አትቀበል።

ቢሚ የሚቆመው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው። አርማው እንዲታይ የዲማርኩ ትእዛዝ ከሁለቱ ጠንካሮች አንዱ መሆን ይኖርበታል፤ «ዝም ብለህ ተከታተል» የሚለው በቂ አይደለም። ስለዚህ ከስሙ ጎን አርማው ተረጋግጦ የሚታይለት ድርጅት አስቀድሞ ቤቱን የቆለፈ ድርጅት ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው እንቅፋት፦ የራስ አድራሻ

በክልሉ የሚገኙ በርካታ አነስተኛ ድርጅቶች በቢዝነስ ካርዳቸው ላይ የሚያትሙት በነፃ የሚገኝ የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ነው። በእንዲህ ያለው አድራሻ ቢሚን መጠቀም አይቻልም። ምክንያቱም ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለው ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ የጉግል ወይም የያሁ እንጂ የድርጅቱ አይደለም። በሰው ቤት በር ላይ የራስን ማኅተም መለጠፍ እንደማይቻል ሁሉ በሌላው ዶሜይንም የራስን አርማ ማስመዝገብ አይቻልም።

ስለሆነም ጉዞው የሚጀምረው የራስን ዶሜይን ከመግዛት ነው። በኢትዮጵያ መለያ ማለትም በ«ነጥብ ኢቲ» የሚያልቁ ዶሜይኖችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በ«ነጥብ ኮም» የሚያልቁትን ደግሞ ከልዩ ልዩ ዓለም አቀፍ ሻጮች ማግኘት ይቻላል።

እዚህ ላይ ለአካባቢው ድርጅቶች የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አለ። «ጎንደር» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ የመጨረሻውን አናባቢ በ«ኤ» ሌላው በ«ኢ» ይጽፈዋል። «ጠዳ»ን የመሰለ ስምም እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል፤ «ጠ»ን በአንድ ፊደል የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍም አለ። ለምሳሌ ጠዳ ላይ የእህል መጋዘን ያለው አንድ ነጋዴ በንግድ ፈቃዱ ላይ አንዱን፣ በዶሜይኑ ላይ ሌላውን፣ በንግድ ምልክት የምስክር ወረቀቱ ላይ ሦስተኛውን አጻጻፍ ቢጠቀም፣ ሰነዶቹን የሚመረምረው የውጭ ድርጅት ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ለመቀበል ይቸገራል። አጭበርባሪም ቢሆን ከእነዚህ አጻጻፎች ያልተያዘውን ገዝቶ ሊመስል ይችላል። ከመነሻው አንድ አጻጻፍ መርጦ በሰነዶች ሁሉ ላይ መጽናት ኋላ ከሚመጣ ብዙ ጣጣ ያድናል።

የአርማው ባለቤት ማን ነው?

ዶሜይኑ ከተቆለፈ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ የሕግ ነው። ጂሜይል ቢሚን ለሁሉም ላኪዎች ክፍት ያደረገው እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2021 ሲሆን፣ የአፕል የኢሜይል መተግበሪያ በ2022 ተከትሏል። ሁለቱም አርማውን ከማሳየታቸው በፊት ቬሪፋይድ ማርክ ሰርተፍኬት የተባለ የምስክር ወረቀት ጠየቁ። ይህን ሰርተፍኬት የሚሰጡት እንደ ዲጂሰርት ያሉ ድርጅቶች ናቸው። ሰጪዎቹ የድርጅቱን ሕጋዊ ህልውና፣ የአመልካቹን ማንነትና ከሁሉም በላይ አርማው በንግድ ምልክትነት የተመዘገበ መሆኑን ያጣራሉ። ጂሜይል ከግንቦት ወር 2023 ጀምሮ ይህን ሰርተፍኬት ላሟሉ ላኪዎች ከስማቸው ጎን ሰማያዊ የማረጋገጫ ምልክት ያሳያል።

በኢትዮጵያ የንግድ ምልክትን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሥራው የሚመራው በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። በአዋጁ መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ እንጂ ለረጅም ጊዜ በመጠቀም ብቻ አይደለም። ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመታት የሚጸና ሲሆን ሊታደስ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚደበላለቁ ሁለት ነገሮች አሉ፦ የንግድ ስምና የንግድ ምልክት። የንግድ ስም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መሥሪያ ቤቶች የሚመዘገብ መጠሪያ ነው። የንግድ ምልክት ግን ዕቃን ወይም አገልግሎትን ከሌላው የሚለይ ቃል፣ ሥዕል፣ ቀለም ወይም የእነዚህ ቅንብር ነው። የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው አርማውም ተመዝግቦልኛል ብሎ ቢያስብ ተሳስቷል።

ልዩነቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ጎንደር የሚገኘው ራስ ዳሸን የሀገራችን ከፍተኛው ተራራ ነው። በስሙ ጎንደር ላይ የሚጠመቅ ቢራ አለ፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ባንክም አለ። ሁለቱ የተለያዩ ተቋማት ናቸው። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በዓይነት ተለይቶ ነው፤ በዓለም አቀፉ ምደባ 45 ክፍሎች ሲኖሩ ቢራ በ32ኛው፣ የባንክ አገልግሎት ደግሞ በ36ኛው ክፍል ይወድቃል። አንድ ስም በሁለት ክፍል በሁለት ባለቤት ሊያዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለኢሜይል ተቀባዩ ስሙ ብቻ ቢታየው ላኪው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ የተረጋገጠ አርማ ግን ይለየዋል።

በውጭ ሀገር የመመዝገብ ጉዳይ

ቬሪፋይድ ማርክ ሰርተፍኬት የሚሰጡ ድርጅቶች የሚቀበሉት በዝርዝራቸው ውስጥ በገቡ የምዝገባ ጽሕፈት ቤቶች የተመዘገበ ምልክትን ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓንና የአውስትራሊያ ጽሕፈት ቤቶች በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። የኢትዮጵያ ምዝገባ ያለው ድርጅት ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ምዝገባው ተቀባይነት እንዳለው ከሰርተፍኬት ሰጪው በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። ተቀባይነት ከሌለው ምርጫው ምርቱን በሚሸጥበት ሀገር ማስመዝገብ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ መንገድ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ስሞቹ የወል መጠሪያ ናቸው በሚል ተቃወመ። ክርክሩ ቀጥሎ ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር በ2007 ስምምነት ላይ ደረሰ። ከዚያ ክርክር የሚወሰደው ትምህርት ለአንድ አነስተኛ ላኪም ይሠራል፦ በሀገር ቤት የታወቀ ስም በገበያው ሀገር ካልተመዘገበ ባለቤትነቱን ማስረዳት አድካሚ ይሆናል። የቦታ ስም ብቻውን ለአንድ ነጋዴ በንግድ ምልክትነት መያዙም አስቸጋሪ ነው፤ ስሙን ከተለየ ሥዕል ወይም ቃል ጋር ማቀናጀት ይመረጣል።

የንግድ ምልክት ምዝገባ ለሌላቸው ቀለል ያለ መንገድ ተከፍቷል። ጂሜይል ከመስከረም ወር 2024 ጀምሮ ኮመን ማርክ ሰርተፍኬት የተባለውንም ይቀበላል። ይህኛው ምዝገባ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አርማው ቢያንስ ለ12 ወራት በይፋ ጥቅም ላይ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። አርማው ይታያል፤ ሰማያዊው የማረጋገጫ ምልክት ግን አይጨመርም። ስለዚህ ሰርተፍኬቱን ዛሬ የመግዛት ዐቅም የሌለው ድርጅት እንኳ አርማውን በራሱ ድረ ገጽ ላይ ከአሁኑ አውጥቶ ሳይቀያይር ቢያቆየው ለነገ ማስረጃ እያጠራቀመ ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል

ዶሜይኑ ከተገዛ በኋላ ኤስፒኤፍና ዲኪም ይስተካከላሉ። ቀጥሎ ዲማርክ «ዝም ብለህ ተከታተል» በሚለው ትእዛዝ ይጀመራል። በዚህ ወቅት የሚመጡት ሪፖርቶች በድርጅቱ ስም ደብዳቤ የሚልኩትን ሁሉ ያሳያሉ። የሆቴሉ የክፍል ማስያዣ ሥርዓት፣ የሒሳብ ክፍሉ ሶፍትዌር ወይም የጋዜጣዊ መግለጫ መላኪያው ተረስቶ ከሆነ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሳያጣሩ በአንድ ጊዜ ወደ «አትቀበል» መሸጋገር የራስን ትክክለኛ ደብዳቤ ማስመለስ ይሆናል። ብዙ ድርጅቶች በዚህ ደረጃ ሳምንታት ይቆያሉ።

ከዚያ አርማው ኤስቪጂ በተባለው የሥዕል ዓይነት፣ ለቢሚ በተወሰነው ጥብቅ ቅርጽ ይዘጋጃል። ምስሉ አራት ማዕዘኑ እኩል፣ የማይንቀሳቀስ፣ ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚመሳሰልና በክብ ሲቆረጥ የማይጎድል መሆን አለበት። በመጨረሻም የአርማውና የሰርተፍኬቱ አድራሻ በዶሜይኑ መዝገብ ውስጥ በአንዲት መስመር ይገባል።

ዋጋውን በተመለከተ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የፈቃድ ክፍያ የለባቸውም፤ የሚጠይቁት የባለሙያ ጊዜ ነው። ቬሪፋይድ ማርክ ሰርተፍኬት ግን ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ1 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ያስወጣል፤ በየጊዜውም ይታደሳል። ለትልቅ ባንክ ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ግን ከባድ ነው።

ተቀባዩስ ምን ማወቅ አለበት?

አርማ ያልታየበት ኢሜይል ሁሉ የሐሰት አይደለም። አንዳንድ የኢሜይል አገልግሎቶች ቢሚን አያሳዩም፤ እጅግ በርካታ ታማኝ ድርጅቶችም ገና አልገቡበትም። በሌላ በኩል በክቡ ውስጥ ምስል መታየቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማንኛውም የጂሜይል ተጠቃሚ የፈለገውን ሥዕል በመገለጫ ፎቶነት ማስቀመጥ ይችላል። ሊታይ የሚገባው ከ«አት» በኋላ ያለው ሙሉ አድራሻ ነው። የተረጋገጠው አርማም ቢሆን የሚናገረው ደብዳቤው ከማን እንደመጣ እንጂ ላኪው ቃሉን የሚጠብቅ መሆኑን አይደለም። የሠራተኛው የይለፍ ቃል ተሰርቆ ከእውነተኛው አድራሻ የሚላክ ማጭበርበርንም አያግድም። የባንክ ሒሳብ ለውጥ በኢሜይል ሲነገር፣ አስቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ማጣራት አሁንም የሚተካው የለም።

በጠዳም ሆነ በጎንደር ውስን ገንዘብ ላለው ድርጅት ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በቅድሚያ የራሱን ዶሜይን ይያዝ፣ ዲማርኩን በጥንቃቄ ወደ ጠንካራው ትእዛዝ ያድርስ፣ የንግድ ምልክቱን ያስመዝግብ። ደንበኛውን ከአስመሳይ የሚጠብቀው ዋናው ሥራ በእነዚህ ይጠናቀቃል። አርማው ገንዘቡ ሲገኝ ሊጨመር ይችላል፤ ከእነዚህ አስቀድሞ ግን ሊመጣ አይችልም።