የላቲን የፍቅር ዘፈን ለምን በቀለም ይናገራል?

ደቡብ ለንደን፣ ኤለፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ የሚሠሩ ወይም የሚኖሩ ከሆነ፣ ከኮሎምቢያዎቹና ከኢኳዶሮቹ ሱቅ የሚወጣውን ዘፈን ሳይሰሙ አይቀሩም። ስፓኒሽ ባያውቁም ጆሮዎ የለመዳቸው ቃላት ይኖራሉ፦ ሞሬና፣ ኔግራ፣ ሮሆ። ሦስቱም የቀለም ስሞች ናቸው። የፍቅር ዘፈን ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ከሞሬና እንጀምር። ጠይሟ ማለት ነው። በአማርኛ ዘፈን ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የእኛም ዘፋኞች ጠይሟ፣ የቀይ ዳማዋ እያሉ ነው የሚጠሯት። ዘፋኙ ስሟን ትቶ መልኳን ስለሚጠራ፣ የሚሰማው ሁሉ የራሱን ሰው ያስብበታል። የፖርቶ ሪኮው ቦቢ ካፖ አንድ ዝነኛ ዘፈኑን «ፒየል ካኔላ» ብሎታል፤ ቀረፋ የመሰለ ገላ ለማለት ነው። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ያው ቀረፋ! ቀለም ብቻ ሳይሆን መዓዛም አብሮ ይመጣል። የእኛ ዘፈን ደግሞ በተነቀሰ ጥቁር ድድ ላይ የሚያበራ ነጭ ጥርስን ያወድሳል። አንዱ ቀለም ሌላውን ያጎላዋል። በዚህስ የእኛዎቹ ይበልጣሉ ባይ ነኝ።

ልብስስ? የኮሎምቢያው ሁዋኔስ እ.ኤ.አ. በ2004 «ላ ካሚሳ ኔግራ»፣ ማለትም «ጥቁር ሸሚዝ» የሚል ዘፈን አወጣ። ሴትዮዋ የተለየችው ሰው ነው የሚዘፍነው። ፍቅሩ ስለሞተ ጥቁር ለብሷል፤ እኛ ለለቅሶ እንደምንለብሰው። ጣሊያን ሲደርስ ግን የሙሶሊኒ ናፋቂዎች የራሳቸው መዝሙር ሊያደርጉት ሞከሩ፤ የፋሺስቶቹ ልብስ ጥቁር ሸሚዝ ነበርና። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝባችንን ከፈጁት መካከል እነዚያ ሸሚዝ ለባሾች ስለነበሩ፣ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ርዕሱን ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሁዋኔስ ዘፈኑ ከፋሺዝም ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ተናግሯል።

«ታዲያ እኔስ ጓደኛዬን ኔግራ ወይም ኔግሪቶ ብዬ ብጠራ?» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ኔግራ «ጥቁሯ»፣ ኔግሪቶ ደግሞ «ጥቁርዬ» እንደማለት ነው፤ በኡራጓይ ወዳጅ ወዳጁን ይጠራበታል። ኡራጓያዊው ኤዲንሰን ካቫኒ የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋች ሳለ፣ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጓደኛውን ኢንስታግራም ላይ በዚሁ ቃል አመሰገነ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ለንደን፣ ዌምብሊ የሆነው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ለ3 ጨዋታ አገደው፤ 100,000 ፓውንድም ቀጣው። ካቫኒ ቃሉን በፍቅር እንደተናገረው ቢያስረዳም ከቅጣቱ አልዳነም።

የሚናገረው ሰው ማንነትም ለውጥ ያመጣል። ኩባዊቷ ሴሊያ ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ2001 የጥቁሯን ሴት አረማመድ ስታወድስ፣ ራሷ ጥቁር ስለነበረች ኔግራ የሚለው ቃል ከአፏ የወጣው በኩራት ነው። ቆዳዋ ነጣ ያለ ዘፋኝ ያንኑ ብትለው ጆሮ ላይ ሌላ ነው።

አንዳንዴ ቀለሙ ከገላም ከልብስም ጋር አይገናኝም። ዘፋኙ ጄይ ባልቪን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው «ኮሎሬስ» አልበም ዘፈኖቹን ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ (ሮሆ) እያለ በቀለም ሰይሟቸዋል፤ እዚያ ቀለሙ የስሜት ምልክት ነው።

ባለሱቁን ስለ ዘፈኑ ትርጉም ሲጠይቁ ዘፋኙ የየት አገር ሰው እንደሆነም ይጠይቁት። ለምሳሌ በስፔን ሞሬና ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጠጉሯ ጥቁር የሆነች ሴት ናት፤ ቆዳዋ ነጭ ሊሆን ይችላል።