ኪኒንና ወተት በቀይ አፈር

ፋልሲፓረም በተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ለሚመጣና ላልተወሳሰበ ወባ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በቀዳሚነት የሚታዘዘው፣ ሕዝቡም ኮአርተም በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቀው መድኃኒት፣ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮችን በአንድ ኪኒን አጣምሮ የያዘ ነው። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ አራት ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀናት በድምሩ 24 ፍሬ ይወስዳል፤ ሆኖም ሁሉንም ቆጥሮ የዋጠ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በሙሉ አገኘ ማለት አይደለም፤ ምክንያቱም ከተዋጠው ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ደም እንደሚገባ የሚወስነው አብሮት የተበላው ወይም የተጠጣው ነገር ነው።

ከሁለቱ ንጥረ ነገሮች አርቴሜተር ፈጥኖ አብዛኛውን ተሕዋስ ይገድልና በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል፤ ሉሜፋንትሪን ግን ለቀናት በደም ውስጥ ቆይቶ የተረፈውን ያጠፋል። ይህ ሁለተኛው በውኃ እምብዛም የማይሟሟ፣ በስብ ግን የሚሟሟ ነው። ቅባት ያለው ምግብ ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ከሐሞት ከረጢት የሚፈስሰው ሐሞት፣ ሳሙና የድስት ቅባትን እንደሚበትን ሁሉ፣ ስቡን ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይበትነዋል፤ ሉሜፋንትሪንም በእነዚህ ጠብታዎች ውስጥ ሟሙቶ የአንጀትን ግድግዳ ያልፋል። በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ከቅባታማ ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ሉሜፋንትሪን በባዶ ሆድ ከሚገባው እስከ 16 እጥፍ፣ አርቴሜተር ደግሞ ወደ ሁለት እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ በባዶ ሆድ የወሰደው ሕመምተኛ ትኩሳቱ በአርቴሜተር ኃይል በርዶለት የዳነ ይመስለዋል፤ የተረፈው ተሕዋስ ግን ተራብቶ ከሳምንታት በኋላ ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል።

የሚያስፈልገው ስብ ደግሞ ጥቂት ነው፤ 36 ሚሊ ሊትር ያህል የአኩሪ አተር ወተት እንኳ ሉሜፋንትሪን ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ መጠን 90 በመቶ ለሚሆነው እንደሚበቃ በጥናት ታይቷል። በላም ወተት ቢሰላ ከአንድ የቡና ሲኒ አይበልጥም፤ ይህም ወባ የምግብ ፍላጎቱን ለዘጋበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። የበና ፀማይ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቀይ አፈርና በዙሪያዋ፣ ከብትና ፍየል አርቢው ሕዝብ ይህን ስብ የሚያገኘው ከራሱ በረት ነው፤ የሚጾም ሰውም ዘይት ከገባበት ወጥ ወይም ከለውዝ ሊያገኘው ይችላል። በመሆኑም «ከምግብ በኋላ» የሚለው አጭር ትእዛዝ በቂ አይደለም፤ የማሽላ ንፍሮ ብቻ ቀምሶ ኪኒኑን የዋጠ ሰው ትእዛዙን ፈጽሟል፣ ነገር ግን ያገኘው ስብ ጥቂት ነው። መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ ወተትን በስሙ ጠርቶ ሊናገር ይገባዋል።

ወተትን በስሙ መጥራት የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ለአንዱ መድኃኒት የሚረዳው ወተት ሌላውን ያሰናክላል። ቴትራሳይክሊን የተባለው ጸረ ባክቴሪያ በወተት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ውህድ ስለሚፈጥር፣ ወደ ደም የሚገባው መጠን በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ኪኒን እንዲሁ በወተት ይዳከማል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ፖሊፌኖል በተባሉ ውህዶቻቸው ብረቱን ይይዙታል፤ በደቡብ ኦሞ ከቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል የሚጠጣው ሸፎሮም ከቡና ተክል የተገኘ በመሆኑ፣ ኪኒኑን ከእርሱ በአንድና በሁለት ሰዓት አርቆ መውሰድ ይመረጣል።

የውኃ ጉዳይ ቀላል ቢመስልም ጉዳት የሚያደርሰው ቸልታ እዚህም አለ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው ካፕሱል በጥቂት ጉንጭ ውኃ ተውጦ ሰውየው ወዲያው ከተኛ፣ ካፕሱሉ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ በሚወስደው ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል፤ ስለዚህ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ወርዶ፣ ከዚያም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይገባል። ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎች ከምግብ ጋር የሚታዘዙት ግን ሆድን እንዳያውኩ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው አልቤንዳዞል ነው። ይህ የትል መድኃኒት በአንጀት ውስጥ ያለውን ወስፋት ለማጥፋት ሲሰጥ ሥራው እዚያው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ወደ ደም መግባቱ አያስፈልግም፤ በባዶ ሆድም ቢወሰድ ያገለግላል። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ የሚታወቀውና ከውሻ በሚተላለፍ ትል ምክንያት በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚያበቅለው በሽታ ሲታከምበት ግን፣ መድኃኒቱ በደም ተጉዞ ከረጢቱ ድረስ መድረስ አለበት፤ ቅባታማ ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ወደ አምስት እጥፍ ስለሚያሳድገው፣ ያው ኪኒን ለዚህ ሕመምተኛ ከቅቤ ወይም ከወተት ጋር እንዲወሰድ ይታዘዛል።