የድሬዳዋ ውኃና በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረው ኖራ

ድሬዳዋ ውስጥ ለጥቂት ወራት የቧንቧ ውኃ ሲፈላበት የቆየን ማንቆርቆሪያ ከፍቶ የተመለከተ ሰው፣ በውስጡ ነጣ ያለ ደረቅ ቅርፊት ተጋግሮ ያገኛል። የሻወር ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆ ነጫጭ ነጠብጣብ ይይዛል፤ ሳሙናም ቶሎ አረፋ አይሰጥም። ሰዎች «በማንቆርቆሪያችን ላይ የሚጋገር ነገር በኩላሊታችን ላይስ ምን ያደርግ ይሆን?» ብለው ቢሰጉ የሚያስገርም አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ቅርፊቱ ከየት እንደሚመጣና በቤት ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንመለከታለን፤ በጤና ረገድም ሊያሰጋን የሚገባውን ከማይገባው ለይተን ለማሳየት እንሞክራለን።

ኖራው ከየት ይመጣል?

ድሬዳዋ የምትጠቀመው በሳቢያን አካባቢ ያሉትን ጨምሮ ከጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በአካባቢው ካሉት አለቶች መካከል የኖራ ድንጋይ ሰፊ ስፍራ ይይዛል። ለከተማዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የሆነውም ይኸው ድንጋይ ነው።

የኖራ ድንጋይ በንጹሕ ውኃ እምብዛም አይሟሟም። ሆኖም ዝናብ ከአየር፣ ይበልጡንም የዕፅዋት ሥሮችና ረቂቅ ሕዋሳት ከሚተነፍሱበት አፈር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ታች ሲሰርግ ደካማ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ ድንጋዩን ወደ ካልሲየም ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። አዲሱ ውሑድ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚጓዝ ለዓይን አይታይም። ውኃው እሳት ላይ ሲጣድ ግን ሂደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተንኖ ይወጣና ካልሲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል። እንግዲህ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የምናየው ቅርፊት በከርሰ ምድር የሟሟው የኖራ ድንጋይ ተመልሶ ሲጠጥር ነው።

ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበትን ውኃ ኬሚስቶች «ጠንካራ ውኃ» ይሉታል። በማፍላት የሚወገደው ጥንካሬ «ጊዜያዊ» ይባላል። ከሰልፌትና ከክሎራይድ ጋር የተያያዘው ግን በማፍላት ስለማይለቅ «ቋሚ» ይባላል። መለኪያው በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው ሚሊ ግራም በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ ነው። በተለመደው አመዳደብ ከ120 በላይ የሆነው ጠንካራ፣ ከ180 በላይ የሆነው ደግሞ በጣም ጠንካራ ውኃ ነው።

በቤት ውስጥ የሚያስከትለው ወጪ

ለምሳሌ ጥንካሬው በሊትር 300 ሚሊ ግራም የሆነ ውኃ በቀን 20 ሊትር የሚያሞቅ ቤተሰብ አለ እንበል። ከጥንካሬው ግማሹ ብቻ እንኳ ቢዘቅጥ በቀን 3 ግራም፣ በዓመት ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ኖራ በዕቃዎቹ ውስጥ ይቀራል። ቅርፊቱ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከአሉሚኒየም በመቶ እጥፍ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በእሳቱና በውኃው መካከል ገብቶ ሙቀቱን ያግዳል፤ ከሰሉም ሆነ ኤሌክትሪኩ ያለ ጥቅም ይባክናል። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውስጥ ጉዳቱ ከዚህም ይከፋል፤ በኖራ የተሸፈነው የማሞቂያ ሽቦ ሙቀቱን ለውኃው ማስተላለፍ ሲያቅተው ራሱ ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል።

የሳሙናውም ምክንያት ግልጽ ነው። ካልሲየም ከሳሙና ጋር ተዋሕዶ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራል። ይህ ዝቃጭ ነጭ ልብስን ያደበዝዛል፤ በገንዳ ጠርዝም ላይ ይለጠፋል። ያለው ካልሲየም በሙሉ ከሳሙናው ጋር እስኪዋሐድ ድረስ አረፋ ስለማይወጣ አጣቢዋ ሳሙና ትጨምራለች። የዱቄት ሳሙና በአብዛኛው ካልሲየሙን የሚይዙ ንጥረ ነገሮች ስላሉት በጠንካራ ውኃ የተሻለ ይሠራል።

ጤናን በተመለከተ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጠጥ ውኃ መመሪያ አራተኛ እትም ለውኃ ጥንካሬ በጤና ላይ የተመሠረተ ገደብ አላስቀመጠም። ካልሲየምና ማግኒዥየም ለሰውነት የሚያስፈልጉ ማዕድናት ናቸው። ጠንካራ ውኃ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል የሚለውም አመለካከት ግልጽ የሳይንስ ማስረጃ አልተገኘለትም። ይልቁንም በሞቃት አገር በቂ ውኃ አለመጠጣት ሽንትን አወፍሮ ለጠጠር ያጋልጣል። «ኖራ አለው» ብሎ ውኃ የሚቀንስ ሰው የሚፈራውን አደጋ ራሱ ይጠራል ማለት ነው።

ሊታሰብበት የሚገባው በዓይን የማይታየው ናይትሬት ነው። በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፍ ያለ ናይትሬት ያለባቸው ጉድጓዶች እንዳሉ አመልክተዋል፤ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚሰርገው ፍሳሽም ከመንስኤዎቹ አንዱ ነው። ናይትሬት ቅርፊት አይሠራም፤ ጣዕምና ሽታም የለውም። በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ሲበልጥ በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል። ማፍላትም አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። ስለዚህ ከግል ጉድጓድ የሚቀዳ ውኃ ለሕፃን ወተት መበጥበጫ ከመዋሉ በፊት በላቦራቶሪ መመርመር አለበት። ለሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ መስጠት ከሁሉ የበለጠ ዋስትና ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ቅርፊቱን ለማስለቀቅ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔቱን ሲያሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ፈሳሹ ይንተከተካል። ለብ ባለ ውኃ የተበረዘ አቼቶ ለአንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ በሚገባ ማለቅለቅ ነው። ነገር ግን አቼቶን ከበረኪና ጋር ፈጽሞ መቀላቀል አይገባም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የባትሪ አሲድም ለዚህ ተግባር መዋል የለበትም።

ለመጠጥ የፈላ ውኃ ቀዝቅዞ ዝቃጩ ሲረጋ ከላይ ማጥለል ጊዜያዊውን ጥንካሬ ይቀንሳል። የአዮን ልውውጥ መሣሪያ ሁለቱንም ዓይነት ጥንካሬ ያስወግዳል፤ ነገር ግን በካልሲየሙ ምትክ ሶዲየም ይተካል። ጥንካሬው 300 ከሆነ ውኃ በዚህ መንገድ በሊትር 138 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይጨመርበታል። ስለዚህ የደም ግፊት ሕሙማን ባሉበት ቤት መሣሪያውን ለመታጠቢያና ለማሞቂያ ብቻ ማዋል፣ የሚጠጣውንም ውኃ ከመደበኛው ቧንቧ መቅዳት ይመረጣል።

በአጭሩ፣ ኖራው ኪስን እንጂ ኩላሊትን የሚጎዳ አይደለም። ለእርሱ አቼቶ መድኃኒቱ ነው። ነጭ ምልክት ለማይተወው ናይትሬት ግን ከላቦራቶሪ በቀር ሌላ ዓይን የለንም።